«ይቅርብሽ» የሚል ጠበቃ

አንዲት መምህርት እንበል። ቦንጋ ከመጣች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ባሏም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከደመወዛቸው እየቆጠቡ፣ እቁብ እየጣሉ፣ ከዘመድም ተበድረው ለአንድ ቤት የሚበቃ ገንዘብ ይዘዋል። ደላላው ዳገቱን አውጥቶ አንድ ግቢ ያሳያቸዋል፤ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ገና ያልዛገ ቆርቆሮ፣ ከጓሮው እንሰትና ጥቂት የቡና እግር፣ ከአጥሩ ማዶ ጫካው። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከሸለቆው ሲነሳ ያያሉ፤ ልባቸው እዚያው ይቀራል። ደላላው «ካርታ አለው፣ ግብሩም የተከፈለ ነው። ሌላ ፈላጊ ስላለ ቀብዱን እስከ ማታ ጣሉ» ይላቸዋል። ባልየው «እስቲ ጠበቃ እናማክር» ሲል ደላላው ወዲያው «ጠበቃም አለኝ» ብሎ ይመልሳል።

የዚህ ሐተታ ጥያቄ ከደላላው መልስ ይነሳል። ቤት ገዢ ጠበቃ የሚፈልገው ሕግ ስለማያውቅ ነው። ሕግ የማያውቅ ሰው ግን ዐዋቂውን ጠበቃ ከአላዋቂው በምን ይለየዋል? መለየት የሚችል ቢሆን ጠበቃው ባላስፈለገው ነበር። መለየት ካልቻለ ደግሞ ምርጫው ዕጣ ከመጣል በምን ይሻላል? ጥያቄው የቆየ ነው። ፕላቶን «ካርሚደስ» በተባለው ድርሰቱ፣ ሕክምና የማያውቅ ሰው እውነተኛውን ሐኪም ከአስመሳዩ እንዴት ሊለይ ይችላል ብሎ ሶቅራጥስን ያስጠይቀዋል። በእኛም ዘንድ በዘርዓ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው «ሐተታ» ውስጥ ተመራማሪው ፈረንጁም ግብጻዊውም እያንዳንዱ የራሱን ሃይማኖት ቀና ሲል ሰምቶ፣ በመካከላቸው የሚፈርድ ዳኛ ከወዴት ይገኛል ብሎ ይጨነቃል። ፈላስፋው መልሱን እስኪያገኝ በተሸሸገበት ዋሻ ውስጥ መቆየት ይችል ነበር። መምህርቷ ግን ቀብዱን እስከ ማታ ጣይ ተብላለች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ጠበቃውን ከመመርመራችን በፊት የሚገዛውን ነገር እንመርምር። መምህርቷ የምትገዛው ምንድን ነው? «ቤትና ቦታ» ትል ይሆናል፤ ሁላችንም የምንለው እንዲሁ ነው። በሕጉ ግን ቦታ አይሸጥም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነዋል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ የማይሸጥና የማይለወጥም እንደሆነ ደነገገ። ያው አንቀጽ አንድ ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚገነባው ነገር ሙሉ መብት ሰጠው። ስለዚህ መምህርቷ የምትገዛው ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በሩን ነው። ከእነዚህ ጋር ቦታውን ይዞ የመኖር መብት ይተላለፍላታል፤ ስሙ «ይዞታ» መባሉም በምክንያት ነው። ከምትከፍለው ብር ውስጥ ግን ብዙው ለጭቃው ግድግዳ እንዳልሆነ እሷም፣ ሻጩም፣ ደላላውም ያውቃሉ። ዋጋውን ያናረው ሊሸጥ የማይችለው ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነውና። በሬ ስንገዛ ገዢና ሻጭ ሁለት ናቸው። ቤት ስንገዛ ግን ተዋዋዮቹ ሁለት ቢመስሉም በመካከላቸው ሦስተኛ አለ፤ እርሱም የመሬቱ ጌታ የሆነው መንግሥት ነው፤ ቦንጋ ላይ የምናገኘው በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት በኩል ነው። ሻጭና ገዢ ቢስማሙ፣ ቢፈራረሙ፣ ሽማግሌ ቢመርቃቸው እንኳ ሦስተኛው «አላውቀውም» ካለ መምህርቷ የያዘችው ቁልፍ ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ከ1953 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ የሚሠራው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና፣ ሽያጩም ንብረቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ላይ ካልገባ ሌሎች ሰዎችን እንደማይነካ ይናገራል። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ዓይኑን የሚጥለው ከሻጩ ፊት ይልቅ መዝገቡ ላይ ነው።

ሦስተኛው ወገን ውለታውንም በራሱ ይለውጣል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥሪት እንደሚገባ ደነገገ። ሻጩ አያቱ ከያዙት ጀምሮ ሊዝ የሚባል ነገር ሳያውቅ የኖረበት ግቢ፣ ለመምህርቷ ሲተላለፍ የሊዝ ግቢ ይሆናል። ሻጩ የሸጠውና እሷ የገዛችው አንድ ግቢ ሆኖ ሳለ መብቱ አንድ አይደለም። የሊዝ ቦታ ከሆነና ግንባታው ግማሽ እንኳ ካልደረሰ ደግሞ ሻጩ እንዳሻው ዋጋ ጠርቶ እንዳይሸጥ ያው አዋጅ ይገድበዋል። ይህን «ዛሬ ቀብድ ጣሉ» የሚል ሰው ሲነግራችሁ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ደላላው ዋና ቃል፣ ወደ «ካርታ አለው» እንምጣ። ካርታ ምን ያረጋግጣል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 ከአስተዳደር ክፍል ስለ አንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል ይላል። «ይገመታል» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ቀጣዩ ቁጥር 1196 ግምቱ እንዴት እንደሚፈርስ ይዘረዝራል፤ ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ እንደሆነ፣ ወይም ዋጋ በሌለው ሥራ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ እንደሆነ፣ ወይም ማስረጃው ከተሰጠ በኋላ ሌላ ሰው ንብረቱን ያገኘ እንደሆነ። ካርታ እንግዲህ የሕግ ግምት ነው። ከባድ ግምት ነው፤ ግን ግምት ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ሮበርት ቶረንስ በ1858 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያስወጣው ሕግ መዝገቡን ራሱን የባለቤትነት ምንጭ አደረገው፤ እዚያ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ባለቤት ነው፣ በመዝገቡ ስህተት የተጎዳም ከመንግሥት ካሣ ይጠይቃል። እኛም በ2006 ዓ.ም. የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818ን አውጥተናል፤ መንገዱ ተጀምሯል። መንገዱ እስኪያልቅ ግን ካርታውን የሚያይ ሰው ከካርታው ጀርባ ያለውንም ማየት አለበት፤ ለማን ተሰጠ፣ በምን መነሻ ተሰጠ፣ የፋይሉ ቀዳሚ ወረቀት ምን ይላል፣ ባንክ አስይዞታል ወይ፣ ፍርድ ቤት አግዶታል ወይ።

ከካርታው ጀርባ ያለው ሁሉ ደግሞ ወረቀት አይደለም። ይህን ለማስረዳት ቦንጋ ያለችበት ካፋ ከብዙ አገር ይልቅ ትመቻለች። በሸካና በካፋ ጫካ «ኮቦ» የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ የጫካው ክፍል ቀፎ ለሚሰቅልበት ሰው ወይም ቤተሰብ የተለየ ነው፣ ድንበሩም ወንዝ፣ ሸንተረር፣ የታወቀ ዛፍ ነው። መዝገቡ ጎረቤት ነው። ያ መዝገብ ጽሕፈት የለውም፤ ግን ያስታውሳል፣ ይከራከራል፣ ይመሰክራል። ከተማዋም ይህን ጠባይ ሙሉ በሙሉ አልተወችም። የመምህርቷ ግቢ ከአጥሩ ማዶ ጫካ ነው ብያለሁ። ጓሮው ያለው የቡና እግር የግቢው ነው ወይስ የጫካው? ጥያቄው ዋዛ አይደለም፤ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የአጥሩ መስመር በካርታው ላይ አንድ ቦታ፣ በመሬቱ ላይ ሌላ ቦታ፣ በጎረቤት ልብ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ዓይነት መታወቅ አለ እንላለን፦ በሰው መታወቅና በወረቀት መታወቅ። ሻጩ በሰፈሩ ይታወቃል፤ እድርተኛው ነው፤ የአባቱን ቀብር ሁሉም ያስታውሳል። ነገር ግን አባቱ ከሌላ እናት የወለዳት፣ ጅማ የምትኖር እህት እንዳለችው የሚያውቁት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ስለ እሷ አንድ መስመር የለውም። በተቃራኒው ቤቱ ለባንክ መያዣ መሆኑን ፋይሉ ያውቃል፤ ጎረቤት ግን አልሰማም። ሚስትየውም አለች። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንዲያስፈልግ ያዝዛል፤ ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ መደረጉን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ለማንኛውም ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። የደቡብ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ስለነበር፣ ቦንጋ ላይ የሚሠራ ጠበቃ የትኛው እንደሚገዛ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ካርታው ላይ ያለው የባል ስም ብቻ ነው እንበል። ሚስትየው መኖሯን ካርታው አይናገርም። ቡና ሲጠጣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይናገራል።

ከዚህ አንድ ፍርድ ይወጣል፣ እኔም አጥብቄ የምይዘው ነው፦ ለቤት ግዢ የሚሆን ጠበቃ ሁለቱንም መዝገብ የሚያነብ ሰው ነው። ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ፋይሉን አስወጥቶ ያያል፣ ከሰዓት ጫማው ጭቃ እየነካው ግቢው ድረስ ወጥቶ ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች «ይህን ቤት ማን ሠራው? ማን ማን ኖረበት?» ብሎ ይጠይቃል። ከቢሮው ሳይነሳ የሻጩን ወረቀት ገልብጦ «ደኅና ነው» የሚል ጠበቃ የጉዳዩን ግማሽ ብቻ አይቷል።

እኛ ግን ጠበቃ ስንመርጥ ይህን አንጠይቅም። ምክንያቱ ይመስለኛል ከክርክር ባህላችን የመጣ ነው። በላ ልበልሃ ሲባል በአደባባይ የሚሟገት፣ ዘንጉን ይዞ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ በቅኔና በተረት ባላጋራውን የሚረታ ሰው ይደነቅ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያዳምጠው፣ ይፈርድም ነበር። ያ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ላሳንሰው አልሻም። ግን ትዝታው ዛሬም ምርጫችንን ይመራል። «አንደበቱ ስል ነው፣ አንድም ክርክር ተረትቶ አያውቅም» የተባለለትን ጠበቃ ፈልገን ለቤት ግዢያችን እንቀጥራለን። ነገሩን ካሰብነው ተቃራኒ ነው። የቤት ግዢ ጠበቃ ሥራው ያማረው ክርክር ባልተነሳ ጊዜ ነው። ሥራውን ማንም ቆሞ አያደንቀውም፤ የሠራው ነገር ሳይሆን የቀረ ጠብ ነውና አይታይም። ቃሉን ራሱን ብንመረምር «ጠበቃ» የመጣው ከ«ጠበቀ» ነው፤ የሚጠብቅ። እረኛ ጅብ ከመጣ በኋላ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ጠባቂ አንለውም። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የሚሟገተውንና ነገሩ እንዳይበላሽ የሚጠብቀውን በአንድ ስም መጥራታችን አሳስቶናል። ሁለቱም በአንድ ሰው ሊገኙ ይችላሉ፤ ግን አንዱን ዐይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም።

«ጠበቃም አለኝ» ያለውን ደላላ አልረሳሁትም። ደላላ ክፉ ነው አልልም፤ ያለ ደላላ ብዙ ሰው ቤት አያገኝም። ነገር ግን ደላላው የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። እሱ ላመጣው ጠበቃም ነገ ሌላ ገበያተኛ የሚያመጣለት ያው ደላላ ነው። ጠበቃው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የምጠይቀው ሐቀኝነቱ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍለው ነው። ለመምህርቷ «ይቅርብሽ» ቢላት አንዲት ደንበኛ ይደሰትበታል፤ ደላላው ግን ሁለተኛ ደጁን አይረግጥም። ሰው ሁሉ በፈተና ይወድቃል አይባልም፤ አስተዋይ ሰው ግን ጠባቂውን በየቀኑ ፈተና ላይ አያስቀምጠውም። ለሻጭም ለገዢም አንድ ጠበቃ ሲሆን ችግሩ ያው ነው። በአንዳንድ አገር፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ የቤት ሽያጭ ውል የሚያዋውለው ኖታሪ ለሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ በሕግ የቆመ ነው፤ ሥልጣኑም ተጠያቂነቱም እንዲያ ተቀርጿል። ጠበቃ ግን የአንድ ወገን ነው። ከሁለቱም ገንዘብ ተቀብሎ የሁለቱም እሆናለሁ የሚል ጠበቃ አለመግባባቱ የተነሳ ቀን የማንም አይሆንም።

የካፋ ነገሥታት ታሪክ እዚህ ላይ የሚያስታውሰኝ ነገር አለ። ታቶው፣ የካፋ ንጉሥ፣ ታላቅ ሥልጣን ቢኖረውም ምክሬቾ የሚባል ሰባት አባላት ያሉት ምክር ቤት ነበረው። ያን ያህል ኃያል ሰው አማካሪ ያስፈለገው ለምን ይመስላችኋል? «አዎን» የሚል ሰው ለንጉሥ ሞልቶ ተርፎታል። የአማካሪ ዋጋው «አይሆንም» ማለት መቻሉ ላይ ነው። ቤት ገዢም በዚያች ቀን ንጉሥ ነው፤ ገንዘቡን ይዟል፣ ልቡ ተማርኳል፣ ዙሪያው ያሉት ሁሉ «ግዛ» ይሉታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው እንቆቅልሽ ልመለስ። የማያውቅ ሰው ዐዋቂን በምን ይለያል? መልሴ ይህ ነው፦ ዕውቀቱን በቀጥታ ልንመዝነው አንችልም፤ የዕውቀቱን ድንበር ሲናገር ግን ልንሰማው እንችላለን። መምህርቷ ሁለት ጠበቆች አነጋገረች እንበል። የመጀመሪያው ወረቀቱን አይቶ «ምንም ችግር የለውም፤ እኔ አለሁልሽ» አላት። ሁለተኛው እንዲህ አላት፦ «መምህርት፣ ካርታው ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ጋር መመሳሰሉን አላየሁም፤ ነገ አያለሁ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ እንጠይቃለን። አባቱ ሲሞቱ ወራሾቹ በፍርድ ቤት መረጋገጣቸውን ገና አላወቅሁም። ይህን ሳላይ ደኅና ነው ልልሽ አልችልም።» ሕግ የማታውቀው መምህርት በእነዚህ በሁለቱ መካከል መፍረድ ትችላለች። የሁለተኛው ቃል የሚፈተን ነው፤ ነገ ፋይሉን ማየቱን፣ ደብዳቤውን ማምጣቱን ራሷ ታያለች። የመጀመሪያው ቃል የሚፈተነው ግን ክስ የመጣ ቀን ብቻ ነው።

አንድ ተቃውሞ ይመጣብኛል። አስመሳይ ሰው ትሕትናንም ማስመሰል ይችላል፤ «አላየሁም» ማለትን ተምሮ ሊመጣ ይችላል። እውነት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ ምክንያቱን አስረዳኝ። ለምሳሌ የቤት ሽያጭ ውል ለምን በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት ብላችሁ ጠይቁት። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1723 ጠቅሶ ቢያቆም ገና አላወቃችሁትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 እንዲህ ባለ ቦታ ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና መወሰኑን፣ በኋላ ደግሞ ሻጩ መሸጡን ባልካደበት ጉዳይ ችሎቱ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየቱን፣ ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ በገበያ ቋንቋ ቢያስረዳችሁ፣ የሰበር ውሳኔ ቅጾችን የሚያነብ ሰው ፊት ተቀምጣችኋል። በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማስረዳት አይችልም፤ ዐዋቂ ሆኖ አንደበቱ የታሰረ ጠበቃ ይኖራል። እሱን በዚህ መንገድ ልናጣው እንችላለን። ግን እኔ ለቤቴ የማስረዳውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ውሉን የምፈርመው እኔ ነኝ፣ ያልገባኝን ነገር ፈርሜ ደግሞ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ እኖራለሁ።

የፈቃዱ ነገር አጭር ነው፤ ግን ይታለፋል። የፌዴራሉ የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ ፈቃድን፣ የጥብቅና ድርጅትንና የጠበቆች ማኅበርን ሥርዓት አስይዟል፤ ክልሎች ደግሞ በየራሳቸው ፍርድ ቤት ፊት ለሚቆሙ ጠበቆች ፈቃድ ይሰጣሉ። ስለዚህ «ፈቃድህን አሳየኝ፣ በየትኛው ፍርድ ቤትስ ያቆምሃል?» ማለት ነውር የለበትም። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ቦንጋ የአስፈጻሚው መቀመጫ ሆነች፤ የዳኝነቱ መቀመጫ ግን ሚዛን አማን ነው። ቦንጋ ላይ የተጀመረ የቤት ክርክር በይግባኝ ሚዛን ሊደርስ ይችላል። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ሥራ አከብራለሁ፤ ብዙ ድሃ በእነሱ እጅ ድምፁን አሰምቷል። ለቤት ግዢ ውል ግን እነሱ አይበቁም።

ክልሉ መቋቋሙ ሌላም ነገር አመጣ። ቢሮ መጣ፣ ከቢሮ ጋር ሠራተኛ መጣ፣ ሠራተኛ ደግሞ ቤት ይፈልጋል። ፍላጎቱ የከተማውን ጠርዝ ይገፋል። በጠርዙ ላይ ያለው የገበሬ መሬት ነው። የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ገዢና ሻጭ ግን መንገድ አያጡም። «ባሕር ዛፉን ገዛሁ»፣ «ጎጆውን ገዛሁ»፣ «ለብዙ ዓመት ተከራየሁ» እየተባለ ይጻፋል፤ ሦስት ምስክር ይፈርማል፤ ቆርቆሮ ቤት ይቆማል። ይህ ቦንጋ ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ «ጨረቃ ቤት» ብላ ስም ያወጣችለት ነው። ጥያቄዬ ስለ ጠበቃው ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚጽፍላችሁ፣ ቃላቱን አሳምሮ የሽያጭን ነገር በኪራይ ስም የሚሸፍንላችሁ ጠበቃ ብልህ ይመስላል። ነገር ግን ሕግን ለመሸሽ የተጻፈ ውል ጠብ ሲመጣ ሕግ እንዲጠብቀው ሊጠይቅ አይችልም። የተሸፈነው ከባለሥልጣን ብቻ አይደለም፤ ከዳኛም የተሸፈነ ነው። በዚህ መሐል የሚጎዳው ገዢው ብቻም አይደለም። መሬቱን «ዛፍ ሸጥኩ» ብሎ የለቀቀው ገበሬ ልጆቹ ነገ የሚያርሱት የላቸውም፤ ከተማው ሲሰፋ ካሣ ቢመጣም ማን ይቀበል የሚለው ራሱ ሌላ ጠብ ነው። ለደንበኛው ብቻ የሚያስብ ጠበቃ በቂ ነው ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ በሌላው ላይ የሚሠራውን ግፍ አሳምሮ የሚጽፍልህ ጠበቃ፣ ላንተም የሚጠብቀው ነገር የለውም። ዕውቀቱን ለሚከፍለው ሁሉ እንደሚያከራይ አሳይቶሃልና።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ለቤቱ ራሱ ተበድሬ፣ ለጠበቃ ከየት ላምጣ?» ይህን የሚሉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሰበበኞች አይደሉም። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚያክል ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ስሌቱን በሌላ በኩል እንየው። ለደላላ ከሽያጩ ዋጋ በመቶኛ ሲጠየቁ ሰዎች ይከፍላሉ፤ ደላላው ቤቱን አሳይቷቸዋልና ዋጋው ይታያቸዋል። ጠበቃው ግን ምን አሳየ ሲባል የሚያሳየው ፋይል ውስጥ ያለ አንድ ቅጠል ወረቀት ነው፤ አንዳንዴም የሌለ ወረቀት። አለመኖሩን ማሳየት ሥራ አይመስለንም። ስለዚህ ክፍያውን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል፤ ቤቱ ቢገዛም ባይገዛም የሚከፈል ቁርጥ ያለ ዋጋ። ክፍያው በሽያጩ ማለቅ ላይ የተንጠለጠለ ጠበቃ፣ ሳይወድ በግድ ደላላ ይሆናል።

ወደ ቀብዱ ልመለስ፤ የጊዜው ነገር ሁሉን ይወስናልና። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ውል መደረጉን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከጣሉ በኋላ ጠበቃ መፈለግ ማለት እንግዲህ ከተበየነ በኋላ ማሰብ ነው። ጠበቃው ችግር ቢያገኝ እንኳ ገዢው «የከፈልኩትስ?» ብሎ ጆሮውን ይዘጋል፤ ከጠበቃው የሚፈልገው ምክር መሆኑ ቀርቶ ማጽናኛ ይሆናል። ሰው የወደደውን ቤት ይዞ ጠበቃ ፍለጋ ሲሄድ፣ ሳያውቀው የሚፈልገው «ደኅና ነው» የሚለውን ጠበቃ ነው፤ ፈልጎም አያጣውም። ምርጫው የሚበላሸው በጠበቃው ብቻ አይደለም፣ በእኛም ልብ ነው። ከቤቱ በፊት ጠበቃውን የመረጠ ሰው ግን የመረጠው በጤናው ነው።

መምህርቷ በመጨረሻ ሁለተኛውን ጠበቃ ያዘች እንበል። ፋይሉ ወጣ፤ ካርታው ትክክል ነው፣ እገዳም የለበትም። ጎረቤት ግን ጅማ ያለችውን እህት አነሳ፤ የወራሽነት ማረጋገጫው ላይ የእሷ ስም የለም። ጠበቃው «እህትየው መጥታ እስክትስማማና እስክትፈርም ይቆይ፤ ካልመጣች ይቅርብሽ» አላት። ሻጩ ተቆጣ፣ ደላላው ሄደ፣ ሌላ ሰው ቤቱን ገዛ። መምህርቷ ለጠበቃው የተስማሙበትን ከፈለች፣ ቤትም አላገኘችም። ጎረቤቶቿ «ገንዘቧን አባከነች» አሉ። እኔ እንደዚያ አልፈርድም። የገዛችው ነገር አለ፤ የማታውቃትን አንዲት ሴት ድርሻ ይዛ፣ በየዓመቱ የችሎት ቀጠሮ እየጠበቀች አለመኖሯን።

ቦንጋ፣ ሚዛን፣ ቴፒ ወይም ታርጫ ላይ ቤት ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፦ በመጪው ሳምንት ቤት ከማየታችሁ በፊት አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄዳችሁ «ላለመግዛት መክረህ የምታውቀው ደንበኛ አለህ ወይ? ለምንስ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ወደ ሌላው ሂዱ።